በያቤሎ ዙሪያ ከቁጥቋጦ ቁራና ከነጭ ጭራ ጨረባ ጋር የዋልኩበት ቀን

ከያቤሎ ከተማ የወጣነው ገና ጎህ ሳይቀድ ነበር። ቀኑን ሙሉ ለወፍ የሰጠሁት በዓለም ላይ ከዚሁ አካባቢ በቀር የትም የማይገኙ ሁለት ወፎችን በዓይኔ ለማየት ስለ ጓጓሁ ነው፤ አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1938 ለሳይንስ የተዋወቀው የኢትዮጵያ የቁጥቋጦ ቁራ፣ ሁለተኛው በ1942 የተመዘገበው ነጭ ጭራ ጨረባ ነው።

ፀሐይ የግራሮቹን ጫፍ መንካት ስትጀምር መሪያችን መኪናውን አስቁሞ በእጁ ጠቆመን። ከብቶች ባደሩበት ገላጣ ሜዳ ላይ ስድስት የቁጥቋጦ ቁራዎች እየተራመዱ ይለቅማሉ። ስሙን ሰምቶ ጥቁር ወፍ የሚጠብቅ ሰው ይሳሳታል፤ አካሉ ፈዘዝ ያለ ግራጫ፣ ክንፉና ጭራው ጥቁር፣ በዓይኑ ዙሪያ ያለው ላባ አልባ ቆዳ ደግሞ ደማቅ ሰማያዊ ነው። አንዱ የደረቀ ኩበት በመንቁሩ ገልብጦ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና፣ ከሥሩ የወጣውን ትል ለቅሞ ዋጠ። ከበላዩ ባለው ግራር ጫፍ ላይ በእሾሃማ ጭራሮ የተሠራ፣ መግቢያው ወደ ላይ የሆነ ትልቅ ድቡልቡል ጎጆ ነበር።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን የወፉ ስርጭት ነው። ወፉ በሚኖርበት ጠባብ ቦታ ውስጥ እስካሉ ድረስ በመንገድ ዳር ሳይቀር ይገኛል፤ ያን ቦታ ካለፉ ግን ግራሩም አፈሩም ያው ሆኖ ሳለ ወፉ የለም። ተመራማሪዎች እንደሚሉት ወሰኑን ያሰመረው ሙቀት ነው፤ ወፉ የሚኖረው አማካይ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በሆነ፣ በሞቃት ቆላ በተከበበ ቦታ ነው። እኩለ ቀን ላይ ይህንኑ በባይኖኩላር አየሁት፤ ሌሎች ወፎች በፀሐይ ላይ እየለቀሙ፣ ቁራው ግን ጥላ ሥር ቆሞ፣ መንቁሩን ከፍቶ ያለከልክ ነበር። የምድር ሙቀት በጨመረ ቁጥር ይህች ጥላ የመሰለች አገሩ እንደምትጠብ ሳስብ ልቤ ተነካ።

ጨረባውን ጠዋት ሙሉ ሰማይ ሰማይ እያየን ብንፈልገውም አላገኘነውም ነበር። በኋላ መሪያችን ወደ አንድ የቦረና መንደር ወሰደንና የአንዲትን እናት ፈቃድ በቋንቋቸው ጠይቆልን ወደ ጎጆ ቤታቸው ገባን። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ቆየሁ፤ ከዚያ በጣሪያው ማገር ላይ የተለጠፈች የጭቃ ጎጆ አየሁ። ወዲያው ወፏ በአናታችን ላይ ሽው ብላ ገባች፤ ጀርባዋ እንደ ብረት የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ ሲሆን፣ ለመዞር ጭራዋን ስትዘረጋ ነጩ ቦግ አለ። እንዳናውካት ፈጥነን ወጣን። እናትየው ወፏ በቤታቸው መኖሯን እንደሚወዱ ነገሩን፤ እኔም ለዚህች ወፍ ከዚህ የተሻለ ጥበቃ የለም ብዬ አምናለሁ።

ከሰዓት በኋላ እስከ ሜጋ ድረስ ቁራዎችን እየቆጠርን ተጓዝን። ከሜጋ አልፎ መንገዱ ወደ ሞያሌ ቁልቁል ሲወርድ ሙቀቱ በመስኮት ገባ፤ መሪያችንም ከዚህ ወዲያ እንደማናገኝ ነገረን። ጥቂት ኪሎ ሜትር ፈልገን አንድም ስላጣን ተመለስን፤ አቀበቱን ጨርሰን ነፋሱ ቀዝቀዝ ሲል፣ ከአንድ ግራር ላይ ሁለት ቁራዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ላባቸውን ሲያስተካክሉ አገኘናቸው።