የተበላሸው እና ዋጋ የሌለው

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ፣ በምዕራብ ጎጃም በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ የምርጫ ጣቢያ ኃላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። ጣቢያችን የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መማሪያ ክፍል ነበር። የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ስለተራዘመ ቆጠራውን የጀመርነው በጣም መሽቶ ነው፤ መብራትም ሄዶ ስለነበር የቆጠርነው በእጅ ባትሪ ብርሃን ነው። የሒሳብ መምህር በመሆኔ ቆጠራው አላሳሰበኝም ነበር። እንዲያውም በሥልጠናው ላይ የቅፅ አሞላል ሲብራራ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት አርም እንደነበር ዛሬ አልደብቅም።

የተወካዮች ምክር ቤቱን ድምፅ ቆጥረን ስንጨርስ የተረከብነው የድምፅ መስጫ ወረቀት 900፣ ከሳጥኑ የወጣው 741፣ ጥቅም ላይ ያልዋለው 154 ነበር። በቅፁ ላይ ‹‹የተበላሸ›› በሚለው መስመር 16 ጻፍኩና ደመርኩ፤ 911 መጣ። ደግሜ ደመርኩ፤ ያው 911። ከተረከብነው ወረቀት 11 በልጦ ተገኘ ማለት ነው። ወረቀት ቢጎድል ‹‹አንድ መራጭ ይዞት ወጥቶ ይሆናል›› ይባላል፤ ሲበልጥ ግን ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። የፓርቲ ወኪሎቹ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ እርስ በርስ ሲተያዩ የሰማሁት ዝምታ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ሳጥኑን ደግመን ቆጠርን፤ 741 ነው። ጥራዞቹን ደግመን ቆጠርን፤ 154 ነው። ወደ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ አብራን የምትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በሥልጠናው ጊዜ ማስታወሻ የያዘችበትን ደብተር ገልጣ፣ ‹‹መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የተበላሸ የሚባለው እኮ ሳጥን ውስጥ ያልገባው ነው›› አለችኝ። እውነቷን ነበር። መራጩ ተሳስቶ ‹‹ሌላ ስጡኝ›› ብሎ የሚመልሰው ወረቀት የተበላሸ ይባላል፤ ሳጥን ውስጥ ከገባ በኋላ የመራጩ ፍላጎት ያልታወቀበት ደግሞ ዋጋ የሌለው ድምፅ ነው። በቤታችን አማርኛ ሁለቱንም ተበላሸ እንላለን፤ ለቅፁ ግን ሁለቱ የተለያዩ ፍጥረቶች ናቸው። እኔ ከሳጥኑ የወጡትን 11 ዋጋ የሌላቸው ድምፆች በ741ዱ ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ከ5ቱ የተበላሹ ወረቀቶች ጋር ደግሞ ሌላ ጊዜ ቆጥሬያቸው ኖሯል። ስህተቱን ሳንፍቅ በቃለ ጉባዔ አስፍረን፣ ወኪሎቹም ፈርመውበት ሒሳቡ ታረቀ። ውጤቱን በሩ ላይ ስንለጥፍ ዶሮ ይጮህ ነበር።

ይህን ያነሳሁት ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ለአዋቂዎች ሥልጠና የመስጠት ዕድል ገጥሞኛል፤ የምርጫ አስፈፃሚዎች እንዴት እንደሚማሩ፣ የት እንደሚሰበሰቡ፣ ከስብሰባውስ ይዘው የሚመለሱት ምን እንደሆነ መከታተልም ልማድ ሆኖብኛል። ባየሁት መጠን አብዛኛው ሥልጠና የተሠራው አዋጅና መመሪያ ለማሳወቅ ነው፤ ምርጫን ጥርጣሬ ላይ የሚጥለው ግን ብዙ ጊዜ አዋጁን አለማወቅ ሳይሆን በድካም ሰዓት በአንድ ቅፅ ላይ የሚሠራ ትንሽ ስህተት ነው።

የማላዊን ጉዳይ ያነሳሁ እንደሆነ ይህ ግልጽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 21 ቀን 2019 በተካሄደው የፕሬዚዳንት ምርጫ ከየጣቢያው በመጡ የውጤት ቅፆች ላይ አሃዞች በፍሉድ ጠፍተው እንደገና ተጽፈው ተገኙ። እኛ አገር የትኛውም የጨረታ ማስታወቂያ ‹‹ስርዝ ድልዝ ያለው ወይም በፍሉድ የተነካ ሰነድ ተቀባይነት የለውም›› ይላል፤ እዚያ ግን ፕሬዚዳንት የሚሰየምበት ሰነድ በፍሉድ ተነክቶ ነበር። አምስት ዳኞች ያስቻሉት የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. የካቲት 3 ቀን 2020 ምርጫውን ሰረዘ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ በተደገመው ምርጫም ያሸነፉት ሌላ ተወዳዳሪ ሆኑ። በፍሉዱ ጀርባ ምን ያህል ተንኮል፣ ምን ያህልስ ድካምና የሥልጠና ጉድለት እንደነበረ መከራከር ይቻላል። እኔ ግን የዚያን ዕለት ሌሊት በክፍላችን ጠረጴዛ ላይ ፍሉድ ቢኖር ኖሮ እጄ ወደየት ይዘረጋ እንደነበር ስለማውቅ፣ የማላዊን የጣቢያ ሠራተኞች ሁሉ በአጭበርባሪነት ለመፈረጅ አልደፍርም። ጋናም እ.ኤ.አ. በ2012 ከተካሄደው ምርጫ በኋላ ለወራት በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተከራከረችው፣ በቀለማቸው ሮዝ ወረቀት በሚባሉት የጣቢያ ውጤት ቅፆች ላይ የጣቢያ ኃላፊው ፊርማ ጎድሏል አልጎደለም በሚሉና በመሳሰሉት ነጥቦች ነበር። ክሱ ውድቅ ቢሆንም፣ አንድ ሰው ደክሞት የዘለላት ፊርማ አገር ሙሉ በቴሌቪዥን ፊት አስቀምጣለች።

ለእንዲህ ዓይነቱ ስህተት መድኃኒት የሚሆነው ሥልጠና በእጅ የሚሠራበት ነው። ብሪጅ በሚል ስም የሚታወቀውን የምርጫ ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሥርዓተ ትምህርት የወደድኩት በዚህ የተነሳ ነው። የአውስትራሊያ ምርጫ ኮሚሽን፣ ዴሞክራሲን የሚደግፈው የመንግሥታት ድርጅት ኢንተርናሽናል አይዲያ እና የተባበሩት መንግሥታት የምርጫ ድጋፍ ክፍል የጀመሩት ሲሆን፣ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም (ዩኤንዲፒ) እና አይፌስ የተባለው የምርጫ ድጋፍ ድርጅት በኋላ ተቀላቅለውታል። በብሪጅ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ ቆሞ አያስተምርም፤ ሠልጣኞች ይቆጥራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ስህተታቸውንም ራሳቸው ያገኙታል። አሠልጣኝ ለመሆን የሚፈልግ ሰውም የአሠልጣኞችን ሥልጠና ስለወሰደ ብቻ ሙሉ ዕውቅና አያገኝም፤ ልምድ ባለው አሠልጣኝ ዓይን ሥር እውነተኛ ሥልጠና መርቶ ማሳየት ይጠበቅበታል።

በዚሁ ዘዴ የተዘጋጀ ሥልጠና ስካፈል የሆነውን ልንገራችሁ። አሠልጣኟ ወለሉ ላይ በኖራ ትልቅ ክብ አሰመረችና የሥራ ስም የተጻፈባቸው ካርዶች አደለችን፤ የመራጮች ምዝገባ፣ የበጀት ዝግጅት፣ የቁሳቁስ ግዥ፣ የአስፈፃሚዎች ምልመላ፣ ቅሬታ መስማት፣ ሰነድ ማደራጀት፣ የሕግ ማሻሻያ ጥናት። በክቡ አናት ላይ ‹‹የድምፅ መስጫ ቀን›› ተብሎ ተጽፏል። ሁላችንም ካርዶቻችንን ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ደራርበን አስቀመጥን፤ የክቡ ሌላኛው ወገን ባዶውን ቀረ። አሠልጣኟ አንድም ቃል ሳትናገር በባዶው ቦታ ላይ ቀስ ብላ ተራመደች። ከዚያ ‹‹እዚህ ስንት ዓመት ነው?›› ስትል ጠየቀችን። አምስተኛው ጠቅላላ ምርጫ የተካሄደው ግንቦት 16 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ስድስተኛው ደግሞ በኮቪድ ምክንያት ተላልፎ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመሆኑ፣ መልሱ ስድስት ዓመት ነበር። ከዚያ በኋላ ካርዶቻችንን አንድ በአንድ እያነሳን ወደ ባዶው ወገን ስናዛውር አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከርን።

ከፍ ባለው እርከን ይህን ባዶ ቦታ የሚሞሉ መድረኮች አሉ። የደቡባዊ አፍሪካ የልማት ማኅበረሰብ አገሮች የምርጫ ኮሚሽኖች ፎረም እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተ ሲሆን፣ ጽሕፈት ቤቱን በቦትስዋና ዋና ከተማ በጋቦሮኔ አድርጎ ኮሚሽነሮችን ያገናኛል፤ አንዱ አገር ሲመርጥ የሌሎቹ ኃላፊዎች ሄደው ይታዘባሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በደቡብ ኮሪያ ሶንግዶ የተመሠረተው የዓለም የምርጫ አካላት ማኅበር ደግሞ ከየአህጉሩ አባላት አሉት። ከእነዚህ ስብሰባዎች የተመለሱ ሰዎች የሚያወሩኝ ስለ መክፈቻ ንግግሩ ሆኖ አያውቅም። የሚያወሩት በሻይ ዕረፍት ላይ የሌላ አገር የሎጂስቲክስ ኃላፊ፣ በአዳራሹ ሊናገረው የማይደፍረውን ውድቀት እንዴት እንዳጫወታቸው ነው። እኔ አዘጋጅ ብሆን የሻይ ዕረፍቱን አስረዝሜ የአቋም መግለጫውን አሳጥረው ነበር።

ሙያውን ከሥር ጀምሮ ሙያ ያደረጉም አሉ። በአሜሪካ የካውንቲ ምርጫ ኃላፊዎች ኢሌክሽን ሴንተር የተባለው ማኅበራቸው ከኦበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በሚሰጠው ትምህርት የሙያ ምስክር ወረቀት ያገኛሉ፤ ወረቀቱም ትምህርቱን በየጊዜው ካላደሱት አብሯቸው አይዘልቅም። በጣሊያን ፒሳ የሚገኘው ሳንታና ትምህርት ቤት ከኢንተርናሽናል አይዲያ ጋር ሆኖ በምርጫ ፖሊሲና አስተዳደር የማስተርስ ትምህርት አዘጋጅቷል። መልካም ነው፤ ግን ፒሳ የሚደርሰው ቅፁን የሚቀርፀው ሰው እንጂ በባትሪ ብርሃን የሚሞላው ሰው አይደለም።

ቅር የሚለኝ ይኸው ነው። የጣቢያ አስፈፃሚ ጊዜያዊ ሠራተኛ ነው፤ ቁሳቁሱን ሲያስረክብና ውሎ አበሉን ሲቀበል ከሥራው ጋር ያለው ግንኙነት ያበቃል። አንድ ጊዜ ስለ አንድ ምርጫ በተዘጋጀ የግምገማ መድረክ ላይ ተገኝቼ ነበር፤ በአዳራሹ ከተቀመጡት መካከል በቆጠራው ሌሊት ጣቢያ ውስጥ ያደረ ሰው እጁን እንዲያወጣ ስጠይቅ ከእኔ ሌላ የወጣ እጅ አልነበረም። ያቺ ደብተር የያዘች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያወቀችውን ነገር የሚያውቅላት መዝገብ የለም። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ሰው ከሀ ጀምሮ ይማራል፤ ምናልባትም ከኋላ ወንበር ተቀምጦ። የአስፈፃሚዎች ስም ዝርዝር ተይዞ፣ በየዓመቱ በክረምቱ የትምህርት ዕረፍት አንዲት ቀን እንኳ ተሰባስበው መቶ ወረቀት ቢቆጥሩና አንድ ቅፅ ቢሞሉ የሚጠይቀው ወጪ ከአንድ የሆቴል አዳራሽ ኪራይ የሚበልጥ አይመስለኝም።

እስከዚያው እኔ በምችለው ጀምሬያለሁ። የትምህርት ቤታችን ተማሪዎች የምክር ቤታቸውን አባላት ሲመርጡ የተረከብነውን፣ ከሳጥን የወጣውን፣ የተበላሸውንና ጥቅም ላይ ያልዋለውን የሚያስታርቅ ቅፅ አዘጋጅቼ ቆጠራውን ለእነሱ እተዋለሁ። ባለፈው ዓመት አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ድምሩ በአንድ ጎድሎባት ክፍሉን በሙሉ አስነስታ ስታስፈልግ፣ ከኋላ ዴስክ ሥር ምልክት የተደረገበት አንድ የተጣጠፈ ወረቀት አገኘች።

‹‹ጋሼ፣ ይኼ የተበላሸ ነው ወይስ ዋጋ የሌለው?›› አለችኝ።

‹‹ሳጥን ውስጥ ገብቶ ነበር?››

‹‹አልገባም።››

‹‹ለማስለወጥስ የመለሰው ሰው አለ?››

‹‹እሱም የለም›› አለችና ቅፁን ከላይ እስከ ታች ጣቷን እያስኬደች አየችው። የሚሆነው መስመር አልነበረበትም። ቅፁን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። እሷ ግን እኔን አልጠበቀችም፤ ወረቀቱን ሳትገልጠው ለብቻው በፖስታ አሸገችና ቃለ ጉባዔውን ከፍታ መጻፍ ጀመረች።