ባሕር የነበረው በረሃ

ዋዲ አል ሂታን ከካይሮ ወደ ደቡብ ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በፋዩም በኩል ነው የሚኬደው። እርሻው ያልቅና አሸዋው ይቀጥላል። ከዚያ ወዲያ ዓይን የሚያርፍበት ዛፍ የለም። እኔ ግን የሄድኩት ዓሣ ነባሪ ለማየት ነው።

መኪናችንን መግቢያው ላይ ትተን በእግር ቀጠልን። ነፋስ በቦረቦራቸው ቋጥኞች መሃል፣ ምልክት በተደረገበት መንገድ ዳር፣ አጽሞቹ በተገኙበት ቦታ ተኝተዋል። አንዱ ጋ ቁጢጥ አልኩ። አከርካሪዎቹ እንደ ተቆራረጠ ግንድ በሰልፍ ተደርድረዋል። ቀለማቸው ከአሸዋው ትንሽ ጠቆር ይላል። ከዚያው ሳልርቅ ድንጋይ የሆኑ የማንግሮቭ ሥሮች አየሁ። ማንግሮቭ የሚበቅለው ጥልቀት በሌለው የባሕር ዳርቻ ነው። አጥኚዎቹ የዛሬ 37 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቴቲስ የተባለው ባሕር እስከዚህ ይደርስ እንደነበር ያወቁት ሥሩን፣ አጥንቱንና ደለሉን አንድ ላይ እያነበቡ ነው።

የሸለቆው ግዙፍ እንስሳ ባሲሎሳውረስ ነው። እስከ 18 ሜትር ይረዝም ነበር። ታዲያ ይህን የሚያህል ዓሣ ነባሪ የኋላ እግር ነበረው! እ.ኤ.አ. በ1989 የቅሪተ አካል ተመራማሪው ፊሊፕ ጊንገሪችና ባልደረቦቹ እዚሁ አገኙት። ጭን፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት፣ ጣት፤ ሁሉም አለ። ርዝመቱ ግን አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ዳሌው ደግሞ ከአከርካሪው ጋር አልተያያዘም፤ ስለዚህ ያንን ሰውነት ተሸክሞ መሬት ላይ ሊራመድ አይችልም። የዓሣ ነባሪ ቅድመ አያቶች በየብስ ይራመዱ እንደነበር ከዚህ የተሻለ አፍ አውጥቶ የሚናገር ማስረጃ እኔ አላውቅም።

ሌላው ዶሩዶን ነው፤ አምስት ሜትር ገደማ የሚሆን አነስተኛ ዓሣ ነባሪ። የግልገሎቹ ራስ ቅል ላይ የንክሻ ምልክት አለ። አጥኚዎቹ ምልክቱን ከባሲሎሳውረስ ጥርስ ጋር አመሳከሩት፤ ገጠመ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በአንድ ባሲሎሳውረስ ሆድ ዕቃ አካባቢ የዶሩዶን ግልገሎች አጥንት መገኘቱ ታተመ። ማን ማንን እንደበላ ከዚህ ወዲያ ምን ክርክር አለ? አጥንቶቹ ተለቃቅመው ተበታትነው ቢሆን ኖሮ ይህ አይታወቅም ነበር። አጽሞቹን ባሉበት ማየቴ በጣም ያስደሰተኝም ለዚህ ነው።

ቦታው እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተ ሙዚየምም አለው። የምትሄዱ ካላችሁ መጀመሪያ መንገዱን በእግር ጨርሱ፤ ሙዚየሙ ይደረስበታል። ደግሞ በጠዋት ግቡ፤ ጥላ የሚባል ነገር የለም።