ሱር ሄጄ ደሴቷን አጣኋት

እሁድ ማታ። ዛሬ ከጓደኛዬ ጋር ከቤይሩት በሚኒባስ ሱር ሄድን። ሱር ማለት መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለችው ጢሮስ ናት። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንም የዚያው አገር ሰው ነበሩ። ይህን ስነግራት ጓደኛዬ አላመነችኝም።

መንገድ ላይ በስልኬ ሕዝቅኤልን ከፈትኩ። ናቡከደነፆር ጢሮስን ሲከብ (13 ዓመት ነው የፈጀበት) የወታደሮቹ ራስ ተመልጦ፣ ጫንቃቸው ተልጦ ነበር ይላል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ደመወዝ አላገኙም። እዚህ ጋ ስደርስ ስልኩን ዘጋሁት። እኔም ከመጀመሪያው ቤቴ አራት ወር ሠርቼ ባዶ እጄን ነው የወጣሁት።

ያኔ ከተማዋ ከየብስ 800 ሜትር ያህል የራቀች፣ በቅጥር የታጠረች ደሴት ነበረች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ332 ታላቁ እስክንድር መጣና «ቤተ መቅደሳችሁ ገብቼ መሥዋዕት ላቅርብ» ቢላቸው እምቢ አሉት። የሚበቃ መርከብ አልነበረውም። ስለዚህ እስከ ደሴቷ የሚደርስ መንገድ ለመሥራት ባሕሩን መሙላት ጀመረ! የብስ ላይ የነበረችውን አሮጌ ጢሮስ አፍርሶ ድንጋይዋን አስጫነ፣ ከሊባኖስ ተራራ እንጨት አስቆረጠ። የአካባቢው ሰውም ተገዶ ተሸከመ።

ጢሮሶች ግን ዋዛ አልነበሩም። አንድ ትልቅ መርከብ ላይ ጭራሮ፣ ዝፍትና ድኝ ሞሉ። ፊቱ ቀና እንዲል ኋላውን ከባድ ነገር ጫኑበት። ነፋስ ጠብቀው እየጎተቱ ወሰዱትና መንገዱ ጫፍ ላይ አውጥተው ለኮሱት። እስክንድር እዚያ ያቆማቸው ሁለት የእንጨት ማማዎች ነደዱ። ዋናተኞቻቸው ደግሞ ጠልቀው የጠላትን የመልህቅ ገመድ ይቆርጡ ነበር። የእስክንድር ሰዎች፣ መቄዶንያዎቹ፣ ገመዱን በሰንሰለት እስኪቀይሩት ድረስ ማለት ነው። እውነቴን ነው፣ ልቤ ለነሱ አደላ።

እስክንድር መንገዱን አስፍቶ እንደገና ሠራ። የሲዶናና የቆጵሮስ መርከቦችም መጡለት። በሰባተኛው ወር ቅጥሩ ተጣሰ፤ ወደ 30,000 ሰው ለባርነት ተሸጠ ይባላል።

«ታዲያ ደሴቷ የታለች?» አለችኝ ጓደኛዬ። አስፋልት ላይ እየሄድን ነበር። ግራ ቀኙ ሱቅና ፎቅ ነው። ባሕሩ በዚያ መንገድ ግራና ቀኝ አሸዋ ሲቆልል ኖሮ ደሴቷና የብሱ አንድ ሆነዋል። ደሴቷ የቱ ጋ እንደምትጀምር ሁለቴ ተመላልሰን አየን። ምንም አይለይም።

አይስክሬም በላን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ተመለስን። ጫማዬ አሁንም አሸዋ አለበት። ማዳም ነገ ምንጣፎቹን በሙሉ አውርደን እንጠብ ብላለች።