ሦስት ሲኒ፣ አንዱ ይለያል

የመጀመሪያውን የቡና ቅምሻ ስልጠና የሰጠሁት በፕሮጀክተር ነው። አርባ ምናምን ስላይድ፣ ባለ ቀለም። እንግሊዝኛውን በየመሀሉ እየተረጎምኩ ሁለት ቀን ሙሉ ለፈለፍኩ። በሦስተኛው ቀን ስድስቱን ሰልጣኞች በቅምሻ ጠረጴዛው ዙሪያ አቆምኩና ምን እንደቀመሱ ጻፉ አልኳቸው። ወረቀቱን ስሰበስብ አምስቱ "ብሉቤሪ" ብለዋል። ስድስተኛዋ ባዶ ወረቀት ሰጡኝ።

ብሉቤሪ የሚባለውን የፈረንጅ ፍሬ እኔም በልቼ አላውቅም።

የምሠራው ጅማ ውስጥ አንድ የቡና መጋዘን ላይ ነው። ቡና እናበጥራለን፣ እናስለቅማለን፣ ናሙና ቆልተን እንቀምሳለን። የዛሬ ጥቂት ዓመት አለቃዬ "እስከ መቼ ነው ለእያንዳንዱ ናሙና አዲስ አበባ የምንልከው? እዚሁ ሰው አሠልጥኚ" አለኝ። ስድስት ሰው መረጥን። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲ እርሻ የተማሩ ወጣቶች ናቸው። አንዱ ከቴክኒክና ሙያ የወጣ ልጅ ነው። ሦስቱ ደግሞ መጋዘናችን ውስጥ ዓመታት ቡና ሲለቅሙ የኖሩ ሴቶች። ሴቶቹን የጨመርኳቸው እኔ ነኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ያኔ የጨመርኳቸው ጥሩ ሰው ለመባል እንጂ ይችላሉ ብዬ አልነበረም።

ባዶ ወረቀት የሰጡኝ ከሦስቱ ታላቋ ናቸው። ሁላችንም "እትዬ" እንላቸዋለን። ፊደል የቆጠሩት ልጅ ሳሉ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ስለዚህ መጻፍ ስለማይችሉ አይደለም ባዶ የተዉት። ለምን እንደሆነ ያወቅሁት በጣም ቆይቼ ነው።

ስለራሴም ልንገራችሁ። እኔ የተማርኩት እዚሁ ጅማ፣ እርሻ ኮሌጁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተጀመረ፣ በ1999 መጨረሻ ላይ ከጤና ሳይንስ ተቋሙ ጋር ተዋህዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሆነ ነው። እዚያ ቡናን ያወቅሁት ከቅጠሉና ከሥሩ ነው። 74110 ስለሚባለው ዝርያ ብትጠይቁኝ እንደ ውዳሴ ማርያም እወርደው ነበር። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 ሀገራችን ገባ። ተመራማሪዎች በሽታውን የተቋቋሙ ዛፎችን ከገበሬው ማሳና ከጫካው እየፈለጉ መረጡ። 74 የሚለው ቁጥር የተመረጠበት ዓመት ነው፣ 1974። ከጅማ ወጣ ብሎ ያለው የመልኮ ምርምር ማዕከል ስም ከዚህ ሥራ ጋር አብሮ ይነሳል። ይህን ሁሉ ጽፌ ኤ አምጥቻለሁ። ቡናውን በማንኪያ ቀምሼ ግን አላውቅም። ከተመረቅሁ በኋላ ነው አንድ ሰው ማንኪያ የሰጠኝ።

ያ ቀን ጉድ ነበር።

የቅምሻ አሠራር ለማያውቅ ሰው እንግዳ ነው። ናሙናው ለስለስ ብሎ ይቆላል፣ ቀለሙ ቡናማ እንዳለ ይወጣል። ከተቆላ በኋላ ቢያንስ ስምንት ሰዓት ያርፋል። ከዚያ 8.25 ግራም ይመዘንና ይፈጫል። 150 ሚሊ ሊትር ውሃ በ93 ዲግሪ ይፈስበታል። አራት ደቂቃ ገደማ ሲሆን ከላይ የጋገረውን ዱቄት በማንኪያ ሰብረህ ታሸታለህ። ቀዝቀዝ ሲል በኃይል ስበህ ፉት ትላለህ፣ ትተፋለህ። እኔ ደግሞ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ምጣድ ላይ የቆምኩ ልጅ ነኝ። ቡና ማለት ለእኔ ጠቁሮ፣ ወዝ አውጥቶ፣ ጭሱ ቤቱን ሞልቶ፣ ትኩስ እንዳለ ተወቅጦ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚጠጣ ነው። የተቆላ ቡና አሳድሮ መጠጣት በእናቴ ቤት ስንፍና ነው።

ያን የላላ ቁሌት ፉት ስለው ፊቴ ተጨማደደ። "ይሄ ኮምጥጧል፤ ተበላሽቷል" አልኩ፣ በሙሉ ልብ። አሠልጣኙ እስኪበቃው ሳቀ። ለካ ያ ቡና በጠረጴዛው ላይ ካሉት ሁሉ ከፍተኛውን ነጥብ ያገኘ ነው። የሎሚው ዓይነት ኮምጣጣነት ገዢው ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍልበት ነገር ነው። በጥቁር ቁሌት ያደገ ምላሴ ግን "ጥሬ ነው" ብሎ ፈረደበት። ይህን ከምላሴ ለማስጣል ወራት ፈጅቶብኛል። ዩኒቨርሲቲ ያልተማርኩትን መማር ቀላል ነበር። ቤት የተማርኩትን ለጊዜው ማስቀመጥ ነው ያስቸገረኝ። እናቴ እስከ ዛሬ የኔን ናሙና ስታይ "ይሄን ለማን ነው የምታጠጪው?" ትለኛለች።

እና ይህ ሁሉ የደረሰባት ሴት አርባ ስላይድ ይዛ ቆመች። ሰው ሲማር ምን እንደሚሆን በራሴ አይቼ፣ ሳስተምር ረሳሁት።

ሁለተኛውን ዙር የጀመርኩት ሁዳዴና ረመዳን በተገጣጠሙበት ወቅት ነው። ግማሹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምስም፣ ግማሹ እስከ ማፍጠሪያ። ስለዚህ ስልጠናውን ወደ ማታ አዞርነው። ሰው ተምሩንም ሾርባውንም ቀማምሶ፣ ጸሎቱን ጨርሶ ይመጣል። መጀመሪያ የተበሳጨሁበት ነገር ከሁሉ የተሻለው ሆነ። ሥራ የለም፣ ስልክ የለም፣ አለቃ የለም። የተፋነውን ብንተፋም እንቅልፍ እንቢ ስለሚል ወሬው ረጅም ነው።

ስላይዱን ጣልኩት። "ሁላችሁም ከቤታችሁ የሚሸት ነገር አምጡ" አልኩ። ኮረሪማ መጣ፣ ጤና አዳም መጣ። የብርቱካን ልጣጭ፣ ማር፣ ዘይቱን፣ ጌሾ፣ የኮመጠጠ ሊጥ። አንዷ የከረመ ቅቤ አመጣች። ሌላዋ ዝናብ መትቶት የደረቀ ጆንያ በፌስታል ጠቅልላ ይዛ መጣች፤ ሲፈታ ክፍሉን ለቀን ወጣን። ግን ያ ጆንያ ስንት ስላይድ ያስንቃል። መሬት ላይ የደረቀ ቡና የሚያመጣው ሽታ ያው ነው። የኮመጠጠው ሊጥ ደግሞ ከልክ በላይ የተብላላ ቡና ነው። ማንም ማብራሪያ አልፈለገም።

ስሙን ሁሉ ግድግዳ ላይ ለጠፍን። አማርኛው አለ፣ ኦሮምኛው አለ። ኦሮምኛውን ልጆቹ በቁቤ ጻፉ፣ እትዬ ደግሞ ዘመቻው እንዳስተማራቸው በፊደል። ያንኑ ቃል በሁለት ፊደል ጽፈው ጎን ለጎን ሲለጥፉ አይቼ ብዙ አሰብኩ። በአጠገቡ የንግዱን እንግሊዝኛ አስገባን። እሱን መተው አይቻልም፤ ገዢው የሚጽፍልህ በዚያ ነው።

ከዚያ የሦስት ሲኒ ፈተና። ሦስት ሲኒ ይቀርባል። ሁለቱ አንድ ቡና ነው፣ አንዱ ይለያል። የሚለየውን አውጣ፣ በቃ። መጻፍ የለም፣ መናገር የለም። ስድስት ዙር አደረግን። ዝም ብሎ የገመተ ሰው እንኳ ከስድስቱ ሁለቱን ሊያገኝ ይችላል። ከዩኒቨርሲቲ ከመጡት አንዱ ሦስት፣ አንዱ አራት አገኘ። እትዬ አምስት።

ልጆቹ አላመኑም። እኔም ብሆን። "ይደገም" ተባለ፣ ተደገመ፣ አሁንም አምስት። ምን ብለው እንደለዩ ስጠይቃቸው "ይሄኛው ዝም አለ፣ እነዚህ ያወራሉ" አሉኝ። ይህን በየትኛው የነጥብ ሳጥን እንደማስገባው ግራ ገባኝ።

በዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልበል። እንዲህ ያለ ታሪክ ሲነገር ሰው ወዲያው "ልምድ ከትምህርት ይበልጣል" ወደሚለው ይሮጣል። እኔ አልሮጥም። እትዬም ይሳሳታሉ፣ ያውም በትልቁ። እስከዚያ ድረስ የለቀሙት ገለፈቱ ተልጦ የታጠበ ቡና ብቻ ነው። እዚያ ቀላ ያለ ፍሬ ስታይ ታወጣለህ። ደረቅ ቡና፣ ማለትም ከነገለፈቱ ደርቆ የሚፈለፈለው፣ በተፈጥሮው ወርቃማና ቀላ ያለ ስስ ሽፋን አለው። አንድ ቀን ጠዋት ስመጣ እትዬና ጓደኞቻቸው ጥሩ ደረቅ ቡና ግማሽ ጆንያ እንደ ጉድፍ አውጥተውታል። እጃቸው ከማሰባቸው በፊት ይሠራል። የኔ ምላስ ላይ የሆነው እነሱ ጣት ላይ ሆነ። ያን ቀን አልሳቅሁም።

ከልጆቹ አንዱ ደግሞ በሦስት ሲኒው ፈተና ከስድስቱ ሦስት ብቻ ያገኘው ነው። ምላሱ ያን ያህል ነው፣ ራሱም ያውቃል። ነገር ግን ይጽፋል። የእያንዳንዱን ናሙና ቀን፣ መኪና፣ አቅራቢ፣ ነጥብ በደብተር ያሰፍራል። ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣና "ጆንያ ጆንያ የሚሸቱት ናሙናዎች ሁሉ በአንድ መኪና የመጡ ናቸው" አለኝ። ሄደን አየን። የመኪናው ሸራ ቀዳዳ ነው፣ ውሃ ያስገባል። ሁላችንም ሽታውን አግኝተነዋል፣ እትዬም ከሁላችን በፊት። ከመኪናው ጋር ያገናኘው ግን ደብተሩ ነው። የቴክኒክና ሙያው ልጅ ደግሞ ስለጣዕም ብዙም ግድ የለውም፤ መፍጫውን ፈታው። ከፊተኛው ናሙና የተረፈ ዱቄት ውስጡ እየቀረ የሚቀጥለውን ሲኒ እንደሚያበላሽ ያገኘው እሱ ነው። ስንት ወር የተከራከርንበትን ነጥብ አስቡት።

አሁን ሁለት ሁለት አድርጌ አጣመርኳቸው፣ አንድ ለቃሚ ከአንድ ምሩቅ። በሀገራችን የደረጃ አሰጣጥ ጥሬው ፍሬ ከመቶ 40፣ ቅምሻው 60 ይይዛል። አርባው የሴቶቹ፣ ስድሳው የልጆቹ ይሆናል ብዬ ነበር ያሰብኩት። ወረቀት ላይ ያምራል። ሥራ ላይ ሲታይ ግን ማንም ማንንም አያርምም። ልጁ ለእትዬ "ተሳስተዋል" ማለት ይከብደዋል፣ እናቱ ይሆናሉ። እትዬ ደግሞ "አንተ የተማርከው" ብለው ይተዉታል። ለአንድ ወር ያህል የሚያምር ስምምነትና የማይረባ ነጥብ አገኘሁ።

ያንን የሰበረው የእርጥበት መለኪያው ነው። አንድ ጭነት ገባ። ለኤክስፖርት የሚሄድ ቡና እርጥበቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ አካባቢ መሆን አለበት። መሣሪያው 11 አለ። እትዬ አንድ ፍሬ በጥርሳቸው ነከስ አደረጉና "አልደረቀም" አሉ። ልጁ ማሳያውን አዞረላቸው። "እትዬ፣ 11 እኮ ነው የሚለው።" እሳቸውም፦ "ልጄ፣ እሱ ጥርስ አለው?" ሳቅ ሆነ። ልጁ ግን አፈረና መመሪያውን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። ለካ መሣሪያው ሰሞኑን ለሌላ እህል ተስተካክሎ ኖሮ ወደ ቡና አልተመለሰም። ሲመለስ 13.5 አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደንብ አወጣሁ። መጀመሪያ ሁሉም ሳይነጋገር ይጽፋል፣ ወረቀቱ ይገለበጣል፣ ከዚያ አብረን እንከፍተዋለን። ስም አይጻፍበትም። መጻፍ የማይቀናው ምልክት ያደርጋል። ለመከራከር የተፈቀደው ከወረቀቱ ጋር ነው። ክርክሩ የመጣው ያኔ ነው፣ ሞቅ ያለ፣ አንዳንዴ እስከ መኮራረፍ።

ያልተሳካልኝ ነገር አለ። እትዬን እንደ ቀማሽ ለማስቀጠር ብሞክር የትምህርት ማስረጃ ተጠየቅሁ። የመሠረተ ትምህርት ወረቀት አይሆንም አሉኝ። ስለዚህ ሥራቸው የቀማሽ ነው፣ ክፍያቸው የለቃሚ ነው፣ ከላይ ትንሽ ጭማሪ አለችው። በየዓመቱ እጽፋለሁ፣ በየዓመቱ "ይታያል" ይባላል። ልጁ ምላሱ ሦስት፣ ደመወዙ የሳቸውን እጥፍ ነው። እሱም ይህን ያውቃል፣ አይመቸውም። ስለዚህ ነገር ከሱ ጋር ያወራነው አንዴ ብቻ ነው።

ባለፈው የአዝመራ ወቅት አንድ የውጭ ገዢ መጣ። ቅምሻው ሲያልቅ ከቦርሳው የደረቀ ፍሬ በላስቲክ አወጣና ለሁሉም አደለ። ጥቁር ሐምራዊ፣ ጭምድድ ያለች። ብሉቤሪ ናት አለን። በመጨረሻ ተገናኘን ማለት ነው።

እትዬ አንዷን አፋቸው ውስጥ አደረጉ። ቆዩ። "ይሄማ አጋም ነው" አሉ።

"አጋም?"

"እና ምንድን ነው? ልጅ ሆነን ከብት ስንጠብቅ ከቁጥቋጦው እየቀጠፍን የበላነው። ያን የመጀመሪያ ቀን አጋም ብዬ ልጽፍ ነበር። ፈተና ላይ የጫካ ፍሬ ይጻፋል እንዴ? ብዬ ተውኩት።"

ልጁ ማርከሩን አነሳና ግድግዳው ጋ ሄደ። ከብሉቤሪ ጎን ቦታ ስላልነበረ ኮረሪማን ትንሽ ወደ ታች አወረደው።