ካስኩ ሲወጣ ንጹሕ፣ ሲደርስ ብክል

ያገለገለ የኒውክሌር ነዳጅ በባቡር ሊጫን ነው ሲባል ሰው ሁሉ የሚፈራው መገልበጥን ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን የካስኩ የውጭ ገጽ ነው። ነዳጁ የሚታሸግበት ይህ ከባድ የብረት መያዣ ከ9 ሜትር መውደቅንና በ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እሳት 30 ደቂቃ መቆየትን እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው። የገጹ ንጽሕና ግን በጫኚው እጅ ነው።

የጨረራ ልኬቱ ብዙ አያስቸግርም፦ በፉርጎው ገጽ ላይ በሰዓት ከ2 ሚሊሲቨርት (ሰው የሚደርሰው የጨረራ መጠን መለኪያ)፣ ከጎኑ 2 ሜትር ርቆ ደግሞ ከ0.1 እንዳይበልጥ። ብሎኑ በተጻፈው ልክ ይጠብቃል፣ ምልክቱ ይለጠፋል፣ ሰነዱ ይፈረማል።

ጣጣው ጥረጋው ላይ ነው፤ ገጹን በወረቀት ጠርጎ ወረቀቱ ያነሳውን ብክለት መቁጠር ማለት ነው። ሲነካ የሚለቅ፣ ቤታና ጋማ የተባሉትን ጨረሮች የሚያመነጭ ብክለት በካሬ ሴንቲሜትር ከ4 ቤኬሬል ማለፍ የለበትም (አንድ ቤኬሬል በሰከንድ አንድ የአቶም መፍረስ ነው)፤ የሚሰላውም በ300 ካሬ ሴንቲሜትር አማካይ ነው። ካስኩ የሚሞላው ያገለገለው ነዳጅ የሚቀመጥበት የውኃ ገንዳ ውስጥ ጠልቆ ስለሆነ፣ ውኃው ውስጥ ያሉት ሲዚየም 137 እና ኮባልት 60 የተባሉ ጨረር አመንጪዎች በብረቱና በቀለሙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይሰርጋሉ። ሲደርቅ እዚያው ይጣበቃሉ፣ የጥረጋ ወረቀትም አያነሳቸውም። መንገድ ላይ ዝናብ፣ ጤዛና የሙቀት መለዋወጥ ሲያገኘው ግን እንደ ላብ ወደ ላይ ይወጣሉ። ላኪው ጠርጎ 1 ያገኛል፣ ተቀባዩ 10፤ ሁለቱም አልዋሹም።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 ፈረንሳይ ውስጥ ቫሎኝ የባቡር ጣቢያ የደረሱ ካስኮችና ፉርጎዎች ከወሰኑ በላይ ተበክለው መገኘታቸው ይፋ ሲሆን፣ ጀርመን ጭነቱን አግዳ እስከ 2001 አልቀጠለችም። ያ ሁሉ አልፎም ተቆጣጣሪዎች የሚያስሞሉን ቅጽ የተጠረገበትን አንድ ሰዓትና አንድ ፊርማ ብቻ ይጠይቃል። ካስኩ እዚያ ደርሶ ሲያልብ ደግሞ «በደንብ አልጠረጋችሁም» ይሉናል።

ደንቡ 4 ይላል፤ እኔ ግን ከ0.4 በላይ የሆነውን አላስወጣም። ጠዋት የሚጠረገው ማታ የደረቀው ነው እንጂ ገና አሁን የደረቀው አይደለም። ከደረቅ ወረቀት ሌላ እርጥብም እጠቀማለሁ፣ መንገዱ እርጥብ ነውና።

ከጥረጋው በፊት ያለው ሥራ ግን ይበልጣል። ካስኩ ገንዳ ከመግባቱ በፊት በተጣራ ንጹሕ ውኃ ይርጠብ፤ ቀዳዳዎቹ አስቀድመው በንጹሕ ውኃ ከተሞሉ የገንዳው ውኃ የሚገባበት ያጣል። ሲወጣም ክሬኑ እያነሳው፣ ገና እርጥብ እያለ ይታጠብ። ክሬኑ መሃል ላይ ቆሞ ካስኩ ከደረቀ ብክለቱ ተጋግሮ ይቀራል። ያኔ በአሸዋ ወረቀት መፈተግ ቀለሙን ቧጭሮ ለሚቀጥለው ሙሌት ተጨማሪ መደበቂያ ይከፍታል፤ ሙቅ ውኃ በግፊትና ለስላሳ ሳሙና ይሻላል።

ሒሳቡንም ልብ በሉ። ጨረሩን የሚቆጥረው መሣሪያ ብቃት 25 በመቶ ቢሆን፣ ወረቀቱም ከብክለቱ 10 በመቶ ያነሳል ቢባል፣ 300 ካሬ ሴንቲሜትር የጠረገ ወረቀት ከአካባቢው የተለመደ ጨረር በላይ በሰከንድ 30 ቆጠራ ሲሰጥ ልክ 4 ቤኬሬል ላይ ነው። 100 ብቻ የጠረገ ሰው ያንኑ 30 ቢያነብ ያለው 12 ላይ ነው። ስፋቱ በዓይን ግምት ሳይሆን በተቆረጠ ካርቶን ይለካ። ለስላሳውን ጎን ጠርጎ መሄድም አያዋጣም፤ የማንሻ ጆሮዎቹ ሥር፣ የክዳኑ ብሎን ቀዳዳዎች፣ የማቀዝቀዣ ክንፎቹ መሃልና ካስኩ የተኛበት መቀመጫ ይጠረጉ።

ባዶ ሆኖ ሲመለስም ያልባል። መቀመጫው ሥር ያለው የፉርጎ ወለል ካልተጠረገ ያ ፉርጎ ለሌላ ጭነት አይሰጥ።