ግድግዳ እንጋራለን፣ ካውንስል ታክሱ ግን ይለያያል

ደቡብ ለንደን የምንኖርበት ቤት ከጎረቤታችን ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። የኛም ሦስት መኝታ፣ የሳቸውም ሦስት መኝታ። ጓሮው እኩል ነው። ለአካባቢው አስተዳደር የምንከፍለው የቤት ግብር፣ ካውንስል ታክስ የሚባለው፣ ግን ይለያያል፤ የኛ ባንድ (ከኤ እስከ ኤች ያለው የቤቱ የዋጋ ደረጃ) ኢ ነበር፣ የሳቸው ዲ። ያወቅሁት በማርች የዓመቱ ቢል ሲመጣ ነው። ጎረቤቴ ትልቅ ጃማይካዊት እናት ናቸው፤ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። "ዘንድሮም ጨመሩብን" ብለው ቁጥሩን ሲነግሩኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በዲ እና በኢ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። ስሌቱ ዲን መነሻ ያደርጋል። ሲ የዲ 8 ዘጠነኛ ነው፣ ኢ 11 ዘጠነኛ፣ የመጨረሻው ኤች ደግሞ የዲ እጥፍ። በአካባቢያችሁ ዲ 1,800 ፓውንድ ከሆነ ኢ 2,200 ነው። በዓመት 400 ፓውንድ ማለት ነው። እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። 400 ፓውንድ ስንት የኦቨርታይም ሰዓት እንደሚጠይቅ አውቃለሁ።

ሐበሻ ጓደኞቼ ጋ ነገሩን ሳነሳ ብዙዎቹ "አንተ ተከራይ አይደለህ እንዴ? ምን አገባህ?" አሉኝ። አዲስ አበባ የጣሪያና ግድግዳ ግብር የባለቤቱ ጉዳይ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚታሰበው። እዚህ ግን ካውንስል ታክስ በአብዛኛው የሚከፍለው ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው ነው። ከፋዩ እናንተ ከሆናችሁ የመጠየቅ መብቱም የናንተ ነው። በጋራ ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ብቻ ለተከራየ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከፋዩ ባለቤቱ ነው።

ይህ ባንድ የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ ስሰማ በጣም ነው የገረመኝ። ካውንስል ታክስ ፖል ታክስ የሚባለውን በነፍስ ወከፍ የሚከፈል ግብር ተክቶ የመጣው በ1993 ነው። ያኔ እንግሊዝ ውስጥ ያለው ቤት ሁሉ በ1 ኤፕሪል 1991 ገበያ ላይ ቢወጣ ስንት ይሸጥ ነበር ተብሎ ተገመተ። ከ68,000 በላይ እስከ 88,000 ፓውንድ ከሆነ ዲ፣ ከዚያ በላይ እስከ 120,000 ኢ። ያን ሁሉ ቤት በአጭር ጊዜ መገመት ስለነበረባቸው ብዙው የተገመተው ማንም ሳይገባበት፣ ከመንገድ ላይ እየታየ ነው። ከዚያ ወዲህ እንግሊዝ ውስጥ አጠቃላይ ግምት ተደርጎ አያውቅም። ዛሬም የምንከፍለው በዚያ ግምት ነው። ስለዚህ ግምቱ ልክ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

የሚጠየቀው ደግሞ ካውንስሉ አይደለም። ካውንስሉ ገንዘቡን ይሰበስባል፤ ባንዱን የሚወስነው ቫሉዌሽን ኦፊስ የሚባለው ቤት የሚገምት የመንግሥት አካል ነው። የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ፖስት ኮድ ብታስገቡ የመንገዳችሁ ቤት ሁሉ ባንድ በነፃ ይታያል። እኔም የኛን ተራ አየሁ። ከኛና ከመጨረሻው ቤት በስተቀር ሁሉም ዲ ናቸው። የመጨረሻው ቤት ጣሪያው ሥር ተጨማሪ ክፍል የተሠራለት ነው፤ እሱ ይገባኛል። የኛ ግን ምንም አልተጨመረበትም።

ማመልከት ከመጀመሬ በፊት ግን ሆዴ ፈራ። አቤቱታ ሲቀርብ ባንዱ ሊቀንስ ይችላል፣ እንዳለ ሊቀር ይችላል፣ ከፍ ሊልም ይችላል። የባሰው ደግሞ፣ ተሳስቶ የተገኘው የጎረቤት ባንድ ከሆነ የጎረቤት ሊጨምር ይችላል። እኔ ለራሴ ብዬ የእኚያን እናት ቢል ባስጨምር በምን ዓይን አያቸዋለሁ? ልጆቼን ከትምህርት ቤት ስንቴ ያመጡልኝ ሴት ናቸው።

ስለዚህ የጎረቤት ባንድ ብቻውን አይበቃም፤ የ1991ዱንም ዋጋ ማየት ያስፈልጋል። ከ1995 ጀምሮ የተሸጡ ቤቶች ዋጋ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ከኛ ሦስተኛው ቤት በ1990ዎቹ መጨረሻ ተሸጧል። ያንን ዋጋ ኔሽንዋይድ በሚባለው የቤት አበዳሪ የዋጋ ማስያ ወደ 1991 መለስኩት። ከ88,000 በታች መጣ። ማስያው አማካይ ስለሆነ ፍጹም አይደለም፤ ግን ከመንገዳችን ባንድ ጋር ገጠመ። ያኔ ልቤ ተረጋጋ። ልክ ያልሆነው የኛ ነው፣ የሳቸው ልክ ነው። ቤታቸውን በማስረጃነት እንደምጽፍም አስቀድሜ ነገርኳቸው። "ጻፍ፣ ልጄ" አሉኝ።

የናንተ መንገድ ሌላ ሊሆን ይችላል። አንድ ጎረቤት ብቻ ዝቅ ብሎ ሌላው ሁሉ ከናንተ እኩል ከሆነ፣ እኔ ብሆን አልነካውም።

አዲስ ቤት ከገባችሁ ስድስት ወር ሳይሞላ ብታመለክቱ ይሻላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጥያቄያችሁን በሙሉ መብት ታቀርባላችሁ፤ ውሳኔው ካልጣማችሁ በሦስት ወር ውስጥ ቫሉዌሽን ትሪቡናል የሚባለው ገለልተኛ ችሎት ዘንድ ይግባኝ ማለት ይቻላል። እኛ ከገባን ዓመታት ስላለፉ ጠንካራ ማስረጃ ይዘን ባንዱ እንዲታይልን ብቻ ነው የጠየቅነው። መጠናቸው፣ ዓይነታቸውና ዕድሜያቸው ከኛ ጋር የሚመሳሰል አምስት ቤቶች ዘረዘርኩ። መልሱ እስኪመጣ ክፍያ ማቋረጥ አይቻልም።

ደብዳቤው ሲመጣ ዲ ይላል። ቅናሹ ከገባንበት ቀን ጀምሮ ስለተያዘ፣ ትርፍ የከፈልነውን ካውንስሉ መለሰልን። ባለቤቴ ደብዳቤውን ደግማ አነበበችው። የእኚያ እናት ባንድም አልተነካም።

ይህን ሁሉ ያደረግሁት በነፃ ነው። "ባንዳችሁን እናስቀንስላችኋለን፣ ከሚመለሰው ድርሻ ትሰጡናላችሁ" ብሎ የሚደውል ሰው ካለ ዝጉት። የባንክ ቁጥር ከጠየቀማ ጭራሽ አትስጡት።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ወሬውን ሰምተው ቢላቸውን ይዘውልኝ መጡ። ፖስት ኮዳቸውን አስገብተን አየን። ሕንፃው በሙሉ ሲ ነው፣ የሳቸውም ሲ። "ይሄ ልክ ነው፣ አንነካካውም" አልኳቸው። ግን ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ብቻውን ለሚኖር አዋቂ ሰው 25 በመቶ ይቀነሳል፤ ቢላቸው ላይ ቅናሹ የለም። እዚያው አዳራሹ ውስጥ ሻይ እየጠጣን ማመልከቻውን በስልኬ ሞላንላቸው።