9.77 ያመጣው ሪፖርት

ሁለቱም የፔንዱለም (በክር ተንጠልጥላ የምትወዛወዝ ኳስ) ሙከራ ሪፖርቶች የወጡት ከአንድ የፊዚክስ ላብ (ቤተ ሙከራ) ጠረጴዛ ነው። ክሩ አንድ፣ ኳሷ አንድ፣ ስቶፕዋቹም አንድ። ሆኖም አንዱ ሪፖርት ጂ፣ ማለትም የምድር ስበት የሚወድቅን ነገር የሚያፈጥንበት መጠን (በሜትር በሰከንድ ስኩዌር)፣ 9.77 ነው ሲል ሌላው 9.81 ይላል። 9.81 ያለው ከ10 አስሩንም አገኘ። 9.77 ያለው 6 ተሰጠው፤ ከቁጥሩ ጎንም በቀይ እስክሪብቶ «ትክክለኛው 9.81 ነው፤ ጥንቃቄ ይጎድላል» ተብሎ ተጻፈበት። ነገሩ ካለፈ ቢቆይም ያን ላብ የምናውቅ ሰዎችን ዛሬም ያንገበግበናል። በጥንቃቄ ሠርቶ ያየውን የጻፈው ያ ባለ 6 ልጅ ነበርና።

ላቡ የሚገኘው አዲስ አበባ ነው፤ ለነገሩ ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። ልጆቹ የመጀመሪያ ዓመት የፊዚክስ ተማሪዎች ናቸው፤ ግቢ ውስጥ 6 ያገኘው የደሴው ልጅ፣ 10 ያገኘው የአዳማው ልጅ ይባላሉ። የአንድ ዶርም ልጆች ናቸው፤ አንዱ ከላይ አልጋ ሌላው ከታች። ካፌም አብረው ነው የሚሰለፉት።

ሥራቸውን ያየ ሰው የሚያወጣው እንከን አልነበረም። የደሴው ልጅ ክሩን ምስማር ላይ አልቋጠረውም። ምስማር ላይ የተቋጠረ ክር በተወዛወዘ ቁጥር በምስማሩ ዙሪያ ትንሽ ይጠቀለላል፤ ስለዚህ የፔንዱለሙ ርዝመት ከውዝዋዜው ጋር ይለዋወጣል። እሱ ቡሽ ለሁለት ሰንጥቆ ክሩን መሃል አስገባና በክላምፕ (መቆንጠጫ) አጠበቀው። ክሩ ጥጥ ነው፤ ናይለን ቢሆን ኳሷ ስትንጠለጠልበት ይለጠጣል። ርዝመቱንም የለካው ኳሷን ካንጠለጠለ በኋላ ነው፤ ከቡሹ የታች ጠርዝ እስከ ኳሷ አናት በሜትር፣ የኳሷን ዲያሜትር ደግሞ በቨርኒየር ካሊፐር (ትንሽ ርዝመትን አጥርቶ በሚለካ መሣሪያ)። ዲያሜትሯ 2.50 ሳንቲሜትር ስለሆነ ግማሹን ደመረ። ይህን 1.25 ሳንቲሜትር ብዙ ተማሪ ይረሳዋል፤ 1 ሜትር በሚረዝም ፔንዱለም ላይ የተረሳ እንደሆነ ጂን በ0.12 ያወርደዋል። ክሩን ሳብ ለቀቅ እያደረገ አጠቃላይ ርዝመቱን 1.000 ሜትር ላይ አቆመው፤ ከዚህ ቢዛነፍ በ1 ሚሊሜትር ነው።

ስቶፕዋቹን የያዘው የአዳማው ልጅ ነው። ከኳሷ ጀርባ ግድግዳው ላይ በጠመኔ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ፤ ኳሷ በመስመሩ ፊት ስታልፍ «ዜሮ» ብሎ ተጫነ። ጫፍ ላይ ኳሷ ለቅጽበት ስለምትቆም ጣት የትኛው ቅጽበት እንደሆነ መለየት ይቸገራል፤ መሃል ላይ ግን ፈጣን ስለሆነች ማለፏ በግልጽ ይታያል። «ዜሮ» ማለቱም ያለ ምክንያት አይደለም። «አንድ» ብሎ የጀመረ ሰው 49 ውዝዋዜ አይቶ 50 ብሎ ይጽፋል፤ ጂም 10.18 ይወጣለታል። የሚቆጥረው 20 ብቻ ከሆነ ደግሞ 10.8። ከዚህ ላብ የሚወጣ 10.8 ሁልጊዜ ማለት ይቻላል መነሻው ይህችው ቆጠራ ናት።

ለምን 50? የላቡ ማኑዋል (መመሪያ) የሚጠይቀው 20 ነው። ነገር ግን በ20 ውዝዋዜ 9.77ን ከ9.81 የሚለየው 0.08 ሰከንድ ብቻ ነው፤ የሰው ጣት ደግሞ ከዚያ በላይ ይዘገያል ወይም ይቸኩላል። በ50 ልዩነቱ 0.2 ሰከንድ ይደርሳል፤ አምስት ጊዜ ለክቶ አማካዩን የወሰደ ሰው ሊያየው ይችላል። ሐሳቡን ያመጣው የደሴው ልጅ ነው፤ መስኮቱን ዘግቶ ንባቡን ጮክ ብሎ እየተናገረ ያስጻፈው ደግሞ የአዳማው ልጅ። ንባቦቹ እነዚህ ነበሩ፦ 100.39፣ 100.52፣ 100.44፣ 100.61፣ 100.47። አማካያቸው 100.49፤ ጂ 9.77፤ የስህተት ህዳጉ ወደ ላይም ወደ ታችም 0.012 ገደማ። የጣቱም የርዝመቱም ስህተት ተደምሮ ማለት ነው። ስለዚህ 9.81 ከዚህ ህዳግ ሦስት እጥፍ ገደማ ርቆ ነው የሚገኘው።

አስር ያገኘው ሪፖርት ላይ ግን ንባቦቹ 100.30፣ 100.31፣ 100.30፣ 100.29፣ 100.30 ናቸው። እነዚህን አምስት ቁጥሮች ቀስ ብላችሁ እዩአቸው። በእጅ የሚሠራ ስቶፕዋች ይዞ ከ100 ሰከንድ በላይ አምስት ጊዜ የለካ፣ አምስቱም ጊዜ በአንድ መቶኛ ሰከንድ ውስጥ የገባለት ሰው የለም። የጣት መዘግየት ብቻውን የዚያን አስር እጥፍ ይበትናል። የመጀመሪያው ዝርዝር ሰው የለካው መሆኑ ከመበተኑ ያስታውቃል፤ ሁለተኛው ከ9.81 ተነስቶ ወደ ኋላ የተሰላ ነው። አራሚው ግን የመጨረሻውን መስመር ከማኑዋሉ ጋር አስተያይቶ ሠንጠረዡን አለፈው።

የደሴው ልጅ ሪፖርቱን ይዞ ወደ ላቡ ቴክኒሻን ሄደ።

«ጋሼ፣ እጄ ምን ሆኖ ነው?»

«ኳሷን ምን ያህል ከፍተህ ነው የለቀቅካት?»

«ትንሽ ነው። አልለካሁትም።»

«እንግዲህ እሱን እንለካ። 10 ዲግሪ ከነበረ ቁጥርህ የወረደው በዚያ ነው፤ እኔም አልከራከርልህም።»

ይህ ጥያቄ በልጁ ሥራ ላይ የቀረችውን ብቸኛ ቀዳዳ የሚነካ ነው። ጂን ከፔንዱለሙ ርዝመትና ከውዝዋዜው ጊዜ የምናሰላበት ቀመር ለትንሽ ማእዘን ብቻ የሚሠራ ነው። 10 ዲግሪ ላይ ፔሬዱ (የአንድ ውዝዋዜ ጊዜ) በ0.19 ከመቶ ይረዝማል፤ ጂ ደግሞ በ0.04 ገደማ ዝቅ ብሎ ይታያል። በ9.77 እና በ9.81 መካከል ያለው ያው 0.04 ነው። በ3 ዲግሪ ግን፣ ማለትም 1 ሜትር ክር ላይ ኳሷን 5 ሳንቲሜትር ብቻ ከፍቶ ቢለቅ፣ ተጽእኖው 0.003 ነው፤ እዚህ ላብ ውስጥ አይታይም።

ፔንዱለሙ እንደገና ተሰቀለ። የአዳማው ልጅ ሳይጠራ መጣና ስቶፕዋቹን አነሳ። ሁለቱ ውጤት ከተለጠፈ ወዲህ አይነጋገሩም ነበር፤ ካፌም ለየብቻ ነበር የሚሰለፉት። በ5 ሳንቲሜትር አምስት ጊዜ ለኩ፤ አማካዩ 100.48፣ ጂ 9.776። የመጀመሪያው በሦስት ዲሲማል 9.774 ስለነበር ሁለቱ በህዳጋቸው ውስጥ አንድ ናቸው። ቀጥሎ ሆን ብለው 17 ሳንቲሜትር ከፍተው፣ ይኸውም በ10 ዲግሪ፣ ለቀቁት። 9.75 ወጣ። ልጁ መጀመሪያም በትንሽ ማእዘን መልቀቁ በዚህ ተረጋገጠ፤ የሚቀረው ቀዳዳ ተዘጋ።

የደሴው ልጅ ያን ጊዜ ነው ወደ ጓደኛው የዞረው።

«ለምን ቀየርከው?»

«ስድስት እንዳላገኝ ነዋ። ላንተም ልሥራልህ ብዬህ ነበር፤ እምቢ አልክ።»

«100.61ን ያነበብከው እኮ አንተ ነህ። ጮክ ብለህ ነው ያነበብከው፤ እኔ ጻፍኩ።»

የአዳማው ልጅ መልስ አልነበረውም። ስቶፕዋቹን ዜሮ አደረገና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። በእጁ የለካውን ራሱ የካደው ልጅ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባላሳዘነ። ይህ ልጅ ግን በዚያ ሴክሽን እንደ እሱ ጣቱ የረጋ ተማሪ አልነበረም። አምስቱ ንባቦች ከአማካያቸው የራቁት በአማካይ ከ0.1 ሰከንድ በታች መሆኑ የእሱ ሙያ ነው። ያን ሙያውን ጥሎ በፈጠራ ቁጥር እንዲተካው ያደረገው የእርማት ስልታችን ነው፤ ወቀሳው ልጁ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም።

አሁን ወደ 9.81 ልምጣ። ይህ ቁጥር የአውሮፓ ቁጥር ነው፤ ፓሪስና ለንደን አካባቢ እውነት ነው። መደበኛ ተብሎ በ1901 በዓለም አቀፉ የሚዛንና የመለኪያ ጉባኤ የተወሰነው 9.80665ም ወደ 45 ዲግሪ ኬክሮስ የሚጠጋ ስምምነት እንጂ የአዲስ አበባ ልኬት አይደለም። ጂ በባሕር ጠለል ላይ በምድር ወገብ 9.780፣ በዋልታዎቹ 9.832 ነው። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች በባሕር ጠለል ላይ ብትሆን ኖሮ 9.782 ይኖራት ነበር። እሷ ግን 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ብላለች፤ ከፍታው በየሜትሩ 0.0000031 ይቀንሳል፤ በድምሩ 0.007። ከእግራችን በታች ያለው የደጋው ግዙፍ አለት ደግሞ ከዚያ ላይ ጥቂት ይመልሳል። ውጤቱ 9.77 ከምናምን ነው። ልጁ ያመጣው ይህንኑ ነው።

ታሪኩም አዲስ አይደለም። ዣን ሪሸ የተባለ ፈረንሳዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ በ1672 የፔንዱለም ሰዓቱን ከፓሪስ ወደ ካየን፣ ከምድር ወገብ 5 ዲግሪ ወደምትርቅ ከተማ፣ ይዞ ሄደ። ሰዓቱ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ዘገየበት፤ ፔንዱለሙን ማሳጠር ግድ ሆነ። ሰዓቱ ተበላሽቶ ነው ብሎ ቁጥሩን አልደበቀም፤ መዝግቦ ተመለሰ፤ ኒውተንም ምድር በወገቧ የወፈረች መሆኗን ሲያስረዳ ይህንን ልኬት ተጠቀመበት። በፓሪስ የተስተካከለ የፔንዱለም ሰዓት ዛሬ አዲስ አበባ ቢመጣ የሚዘገየው ያንኑ ያህል ነው፤ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል። ፒየር ቡጌ ደግሞ በ1730ዎቹ እንደ እኛ ደጋ በሆነችው በደቡብ አሜሪካዋ ኪቶና በአካባቢዋ ተራራ ላይ በፔንዱለም ለክቶ ጂ ከከፍታ ጋር እንደሚቀንስ፣ የተራራው አለትም ከቀነሰው የተወሰነውን እንደሚመልስ አሳየ። የእኛ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በክር፣ በቡሽና በብረት ኳስ የደረሰበት ነገር እንግዲህ ይህን ያህል ክብር ያለው ነው።

የደሴው ልጅ ይህን ስሌት በአንድ ወረቀት ጽፎ ለመምህሩ አቀረበ። መምህሩ «እኔ የማርመው በማኑዋሉ ነው» አሉት፤ 6ቱም 6 እንደሆነ ቀረ። ማኑዋሉ ፎቶኮፒ እየተደረገ የሚወርድ ነው፤ ያ ገጽ «ትክክለኛ ዋጋ 9.81» ይላል፤ ከሥሩም «የስህተት መቶኛ አስላ» የሚል ባዶ ቦታ አለው። ነጥብ በዚያ ባዶ ቦታ ብቻ ከተሰጠ ተማሪው የሚማረው ቁጥር ማቀራረብ ነው። ነጥቡ ለአምስቱ ንባቦች መበተን፣ ለህዳጉ ስሌት፣ ለኳሷ ዲያሜትር፣ ለተለቀቀችበት ማእዘን ይሰጥ። ዳታው በእስክሪብቶ ይጻፍ፤ የተሳሳተው አይፋቅ፣ በአንድ መስመር ይሰረዝ። ተማሪው ከላቡ ሳይወጣ የላቡ ሠራተኛ ይፈርምበት። ለዚህ አንድም አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። 9.81 የሚለውንም 9.77 ማድረግ የአንድ ገጽ ሥራ ነው።

ልጆቹ ክላምፑን ፈትተው ከመውጣታቸው በፊት የአዳማው ልጅ «እኛ ጋስ ስንት ይሆናል?» አለ። አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። የደሴው ልጅ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አሰላው፦ ልዩነቱ በ0.001 እና በ0.002 መካከል ነው፤ በ50 ውዝዋዜ ከአንድ መቶኛ ሰከንድ ያነሰ፤ በጣት አይያዝም። ቴክኒሻኑ መንገዱን ነገራቸው። ሁለት ቦታ ለማነጻጸር ርዝመቱን ማወቅ አያስፈልግም፤ እንዳይለወጥ መጠበቅ ብቻ ነው። ጥጥ ክር በእርጥበት ስለሚለዋወጥ በብረት ዘንግ መተካት፤ ጣቱን በፎቶጌት (የብርሃን ጨረሩ ሲቋረጥ ጊዜውን ራሱ በሚይዝ መሣሪያ) መተካት፤ 50 ሳይሆን 1,000 ውዝዋዜ፣ ይኸውም ሠላሳ ሦስት ደቂቃ ከግማሽ ገደማ መቁጠር። ያን ጊዜ ልዩነቱ 0.15 ሰከንድ አካባቢ ይደርሳል። ሙቀቱንም መመዝገብ ግድ ነው፤ 1 ሜትር የብረት ዘንግ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.012 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ አዳማ ደግሞ ሞቃት ነች። 5 ዲግሪ ልዩነት ሳይታረም ቢታለፍ ከሚፈለገው ላይ ሢሶውን ወይም ግማሹን ይበላል።

ፎቶጌት ከግቢ የሚወጣው በዲፓርትመንት ደብዳቤ ነው። ፎቶጌቱ ለሴሚስተሩ የእረፍት ጊዜ ይሰጠን ብለው ማመልከቻውን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ጻፉ፤ የአዳማው ልጅ ጻፈ፣ የደሴው ልጅ አነበበ፣ ሁለቱም ፈርመው አስገቡ።